«ሐሳብ ካለህ ቪዲዮ አለህ» ላልከን ወንድም

ሰሞኑን «ሐሳብ ካለህ ቪዲዮ አለህ» የሚል፣ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቪዲዮ ስለመስራት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ «አንብበው ይጠቅምሃል» ብለው ነው የላኩልኝ፣ ሦስተኛው ግን የድሮ ደንበኛዬ ነው፣ ከስሩ «እና አንተ ለምንድነው 15 ሺህ ብር የምትለኝ?» ብሎ ጨምሮበታል። እኔ ኤዲተር ነኝ፣ ሰርግ ምርቃት ልደት ስሰራ ነው የኖርኩት፣ አሁን አሁን ደግሞ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ለቲክቶክ የሚሆን ከደቂቃ ያነሰ ነገር። ኤአይ እጠቀማለሁ፣ በየቀኑ። ስለዚህ እንጀራዬን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ የተንጨረጨረ ሰው የጻፈው እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ቢኖርበት ግን አልክድም።

ጽሑፉን ላላያችሁት፣ ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ ካሜራና ኤዲተር ያለፈበት ነገር ነው፣ ሐሳብህን ሁለት መስመር ጽፈህ ትለጥፋለህ፣ በ5 ደቂቃ ቪዲዮህ ያልቃል፣ መጻፍ ካቃተህ የተዘጋጀ ፕሮምፕት (ለኤአዩ የሚሰጥ የጽሑፍ ትዕዛዝ) ኮፒ አድርግ፣ አማርኛም ይናገራል፣ ነጻ ነው፣ በዶላር ይከፈልሃል፣ ምልክቱን ክሮፕ ካደረግከው ደግሞ ኤአይ መሆኑን ማንም አይለየውም። አንድ በአንድ እሄድበታለሁ፣ ግን ሁሉም እኩል ቦታ አይገባውም።

ከ5 ደቂቃው እንጀምር። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ አንድ ክሊፕ ለማስወጣት የሚፈጀው እሱን አካባቢ ነው፣ አንዳንዴም ያንሳል። ግን ክሊፕ ቪዲዮ አይደለም፣ አንድ ማገር ተሸክሞ መጥቶ ቤት ሰራሁ እንደማለት ነው። የጉግል ቪዲዮ ሰሪ ኤአይ ቪዮ 3 በግንቦት 2025 (ዓመት ያለባቸውን ቀኖች ከነወራቸው በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከነድምፁ ሲወጣ ሁላችንም አፋችንን ይዘን ነው ያየነው፣ እሱ በአንድ ጊዜ የሚሰጥህ 8 ሰከንድ ነው። ራንዌይ የሚባለው ሌላው ደግሞ ያኔ 5 ወይም 10 ነበር። ስለዚህ የ40 ሰከንድ ማስታወቂያ ስትል ቢያንስ አራት አምስት ክሊፕ ማለትህ ነው፣ በመጀመሪያው ክሊፕ ያለችው ሴትዮ ሁለተኛው ላይ እህቷን ትመስላለች፣ ሦስተኛው ላይ ጎረቤቷን፣ ቀሚሷ ደግሞ በየክሊፑ ጥለቱን ይቀይራል። እነሱን አንድ ሰው ለማስመሰል የሚሄደው ሰዓት ነው እንግዲህ ስራው።

ደግሞ ይሄ የኔ የአዲስ አበባው ልጅ ችግር ብቻ አይደለም። በሰኔ 2025 በኤንቢኤ ፍጻሜ ጨዋታ ላይ የታየውን የካልሺ የሚባለውን ድርጅት ማስታወቂያ ታስታውሳላችሁ፣ «በኤአይ በ2 ሺህ ዶላር ተሰራ» ተብሎ ዓለም ጉድ ያለለት፣ የሰራው ፒጄ አክሴቱሮ ራሱ እንደተናገረው 15 የሚሆኑ ክሊፖች ለማግኘት ከ300 እስከ 400 ጊዜ አስወጥቷል። ዳይሬክተሩ ፖል ትሪሎም በ2024 በሶራ (የኦፕንኤአይ ቪዲዮ ሰሪ ነው) ለሙዚቀኛው ዋሽድ አውት የሙዚቃ ቪዲዮ ሲሰራ ወደ 700 ክሊፕ አስወጥቶ የተጠቀመው 55ቱን ነው። ሻይ ኪድስ የሚባሉት የቶሮንቶ ፊልም ሰሪዎች ደግሞ ጭንቅላቱ ፊኛ ስለሆነ ሰውዬ አንድ አጭር ነገር ሰሩ፣ ሶራው ፊኛው ላይ ፊት እየሳለባቸው፣ ቀለሙን እየቀያየረባቸው፣ መጨረሻ ላይ በኤዲቲንግ ነው ያስተካከሉት፣ ያው እኔ የሙሽራ ብጉር እንደማጠፋው ማለት ነው። እነዚህ በሙያው የበሰሉ ሰዎች ናቸው። አንተ በ5 ደቂቃ ከጨረስክ ወይ ከነሱ በልጠሃል ወይ የመጀመሪያውን ወስደህ ፖስት አድርገሃል፣ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ፕሮምፕት ኮፒ አድርግ የሚለው ላይ ነው እኔ በደንብ መቆየት የምፈልገው፣ ምክንያቱም ጽሑፉ «ሐሳብ» የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ አስቀምጦ እዚህ ጋ ሲደርስ ሐሳቡንም ከሌላ ሰው ውሰድ ነው ያለው።

ኅዳር ላይ ነው፣ የበርበሬ ሰሞን፣ ሾላ ገበያ አካባቢ ባልትና ቤት ያላቸው አንድ እናት ደወሉልኝ፣ እትዬ ልበላቸው። «ልጄ፣ ያ ፊልም የሚመስለውን ነገር ለኔም ስራልኝ፣ በርበሬዬን ሰው ይየው» አሉኝ። እሺ ብዬ ቁጭ አልኩ፣ እኔም ያኔ ልክ እንደ ጽሑፉ ነበር የማስበው፣ ሰው የሚቀባበለውን የምግብ ፕሮምፕት ወስጄ ቃሉን ብቻ ቀየርኩት፦ ኢትዮጵያዊት ሴት፣ በእንጨት ሙቀጫ በርበሬ ስትወቅጥ፣ የጠዋት ፀሐይ፣ ሲኒማቲክ ምናምን፣ በእንግሊዝኛ። መጀመሪያ የመጣው እርጥብ ቃሪያ ነው፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲወቀጥ ውሃ የሚረጭ። ቀጥሎ ሙቀጫው የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ የምታክል ድንጋይ ሆነች፣ በሦስተኛው ሴትዮዋ የናይጄሪያ ሰርግ ላይ የሚታሰር የመሰለ ሻሽ አስራ መጣች። ዘነዘናው በሙቀጫው ጎን አልፎ የወጣበትም አለ። አሥራ ምናምነኛው ላይ አንድ ጥሩ ወጣ፣ ጥሩ ስል ቆንጆ ነው፣ ብርሃኑ ወርቅ፣ በርበሬው ደረቅ፣ ሙቀጫው የእንጨት፣ ልጅቷ ደግሞ ፈገግ ብላ ካሜራውን ታያለች። ኩራት በኩራት ሆኜ ይዤላቸው ሄድኩ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አዩትና «ይቺ ልጅ በርበሬ ነክታ አታውቅም» አሉ።

«እንዴት እትዬ?»

«አላስነጠሳትማ! አፍንጫዋን በነጠላዋ አልሸፈነች፣ ዓይኗ አላለቀሰ። በርበሬ እየተወቀጠ እንዲህ ጥርሷን የምታሳይ ሴት አንተ አይተሃል?»

አላየሁም። እናቴ ቤት በርበሬ ሲዘጋጅ ግቢው በሙሉ ሲያስነጥስ ነው የማውቀው፣ ተከራዮቹ ሳይቀሩ፣ ግን ፕሮምፕቱ ላይ ልጽፈው ትዝ አላለኝም፣ ምክንያቱም የወሰድኩት ፕሮምፕት ፓስታ ለሚሰራ ሰው የተጻፈ ነበር። ማስነጠሱ ነው ሐሳቡ። የትኛውም የ«100 ምርጥ ፕሮምፕቶች» ዝርዝር ውስጥ የለም፣ እትዬ ጋ ነው ያለው። በዚያው ቀን ሱቃቸው ፊት ለፊት በርበሬ የሚያዘጋጁትን ሴቶች በስልኬ ቀረጽኩ፣ አንዷ ልትናገር አፏን ስትከፍት አስነጠሳት፣ ሁለተኛ ልትሞክር ስትል ደግሞ ጓደኛዋን፣ ሦስተኛዋ ሳቋ መጥቶ ዘነዘናውን ጣለች። 11 ሰከንድ ናት። የእትዬ ደንበኞች እስከዛሬ ሱቅ ሲገቡ «እንጥሼ!» እያሉ ነው የሚገቡት።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ኤአዩ ሁሉን እንደሚያውቅ አድርጎ ነው ያወራው። እነዚህ ሞዴሎች የተማሩት መዓት ቪዲዮና ከቪዲዮው ጋር ያለውን መግለጫ እያዩ ነው። ብዙ ያዩትን ነገር አሳምረው ያወጡልሃል፣ ጥቂት ያዩትን ግን አላውቅም አይሉህም፣ ከሚያውቁት ውስጥ የሚቀርበውን አንስተው በድፍረት ይሰጡሃል። ጀበና በለው፣ የዓረቦቹን የነሐስ ቡና ማፍያ ያመጣልሃል፣ ሲኒው ላይ ጆሮ ይቀጥልበታል፣ እንጀራውን ዓይን የሌለው ፓንኬክ ያደርገዋል፣ ሰውዬው ሲቆርሰው ደግሞ እንደ ጨርቅ ይተረተራል። ኮረሪማ ስለው የመጣልኝን እስካሁን ምን እንደሆነ አላወቅኩትም፣ ቴምርና ለውዝ የተዳቀሉ ይመስላል። መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም፣ አለው፦ በቃል አትለምነው፣ ፎቶ ስጠው። የቤትህን ጀበና ረከቦቱን ቄጠማውን እንዳለ በስልክህ አንሳና እሱን የመጀመሪያ ፍሬም አድርገህ «ጢሱ ይንቀሳቀስ፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ይጠጋ» በለው፣ ብዙ እንቅስቃሴ አትጠይቀው፣ ያኔ ጀበናው ጀበና ሆኖ ይቆያል። ቡናው ይቀዳ ካልከው ግን ተዘጋጅ፣ ሲቀዳ ይኖራል ሲኒው አይሞላም። ይቺን ጽሑፉ ላይ ቢጽፋት ኖሮ እኔ ራሴ ሼር አደርግለት ነበር።

አማርኛ ይናገራል ተብሏል። ይናገራል፣ እንዴት እንደሚናገር ነው እንጂ። ጽሑፍ የሚያነቡትን የማይክሮሶፍት ድምፆች «መቅደስ»ንና «አመሃ»ን ስንቱ የአማርኛ ቪዲዮ ላይ ሰምታችኋል፣ ዜና ሲሆን ምንም አይልም፣ የሚያነበው ነገር ቀልድ ወይ ማስታወቂያ ሲሆን ነው ጉዱ። አማርኛ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፣ ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ አያሳይም። «ገና» ብለህ ስትጽፍ በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? «ዋና»ስ፣ መዋኘቱ ነው ዋነኛው? «ዶሮው ይበላል» የሚለውን አስነብበው እስቲ፣ ላልቶ ሲነበብ ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ድስት ውስጥ ገብቷል። እኛ ከዓረፍተ ነገሩ እንለየዋለን፣ ማሽኑ አንዳንዴ ይለየዋል አንዳንዴ ይገምታል። ለአንድ የገና ቅናሽ ማስታወቂያ «የገና ቅናሽ» የሚለውን «ገና ነው» እንደሚባለው አላልቶ አንብቦልኝ ደንበኛዬ «ቅናሹ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልኬ ራሴ አነበዋለሁ፣ ድምፄ ያን ያህል አይደለም ግን የሚጠብቀውን አጠብቃለሁ።

ጽሑፍስ? ኤአዩ ስዕሉ ውስጥ የሚጽፈውን ፊደል ከሩቅ ሲያዩት አማርኛ ነው ሲጠጉት የማንም አይደለም፣ የሱቅ ታፔላ ላይ «በ» እና «ጸ» ተጋብተው የወለዱት ፊደል ይመጣብሃል። ታፔላውን ባዶ አስወጣውና ካፕከት በሚባለው የኤዲቲንግ አፕ ላይ ራስህ ጻፍበት፣ አለቀ።

ነጻ ነው የተባለው ደግሞ አናዶኛል፣ ምክንያቱም ይሄንን አምኖ ብሩን የሚበላ ልጅ አለ። ነጻ ሙከራ አለ፣ እሱ የሚያልቀው ገና ምኑ ምን እንደሆነ ሳይገባህ ነው። ከዚያ በኋላ በገንዘብ የሚገዛ ክሬዲት ነው። ጉግል በመስከረም 2025 ዋጋ ቀነስኩ ብሎ እንኳን ቪዮ 3ን በኤፒአይ (ከራሱ ፕሮግራም ጋር አገናኝቶ) ለሚጠቀም ሰው በሰከንድ 0.40 ዶላር ነው ያስቀመጠው፣ 8 ሰከንዷ 3.20 ማለት ነው፣ እኔ የእትዬን ለማውጣት የሞከርኩትን ያህል ወደ 20 ጊዜ ብትሞክር 64 ዶላር፣ ለአንድ ሾት! ወርሃዊው አለ ትለኝ ይሆናል፣ አዎ የጉግል ፕሮ የሚባለው 19.99 ዶላር ነው፣ ግን እሱም ገደብ አለው፣ ደግሞም የብር ካርድህን ስታስገባ ምን እንደሚልህ ታውቃለህ። ብር ሐምሌ 2024 ከተንሳፈፈ ወዲህ 20 ዶላር የድሮው 20 ዶላር አይደለም። ስለዚህ ወይ ዲሲ ወይ ዱባይ ያለ ዘመድ ይለመናል፣ ወይ «ሼርድ አካውንት» የሚሸጡ ልጆች ጋ ይኬዳል። እኔ ሄጄ አውቃለሁ፣ የወር ከፍዬ በ9ኛው ቀን ፓስዋርዱ ተቀየረ፣ ልጁም ብሎክ አደረገኝ፣ ግማሽ የሰራሁት የደንበኛ ስራ እዚያው ውስጥ ቀረ። ይሄም ወጪ ነው፣ 15 ሺው ውስጥ አለ፣ ደንበኛዬ ካነበብከው ለማለት ያህል።

ዶላሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ቲክቶክ ለቪዲዮ ሰሪዎች የሚከፍልበት የክሪኤተር ሪዋርድስ ፕሮግራም 10 ሺህ ተከታይ፣ በ30 ቀን 100 ሺህ እይታ ይላል፣ ቪዲዮው ደግሞ ከ1 ደቂቃ በላይ መሆን አለበት፣ የተከፈተውም እንደ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ጃፓን ላሉ ጥቂት አገሮች ነው። የኛ ልጆች እዚያ ብር የሚያገኙት ላይቭ ገብተው በስጦታ ነው፣ 8 ሰከንድ የኤአይ ድመት ይዘህ ላይቭ አትገባም። ዩቲዩብም ከሐምሌ 15 2025 ጀምሮ በጅምላ የሚመረትና የሚደጋገም ነገር ላይ ሕጉን አብራርቷል፣ ኤአይ አትጠቀሙ አላለም፣ ግን አንድ ፕሮምፕት በቀን 30 ጊዜ እየገለበጡ መልቀቅ ለገቢ እንደማይሆን ግልጽ አድርጓል። ጽሑፉ እንደ ቢዝነስ ሞዴል ያቀረበልን ደግሞ እሱን ነው።

ማንም አይለየውም፣ ምልክቱን ክሮፕ አድርጉት የሚለው ግን ከስህተትም ያለፈ ነው። ሲጀመር ይለያል፣ ጉግል ሲንትአይዲ የሚባል ዓይን የማያየው ምልክት ፒክሰሉ ውስጥ ይከታል፣ ጠርዙን ስለቆረጥከው የሚጠፋ አይደለም። ቲክቶክ እውነት የሚመስል የኤአይ ቪዲዮ «ኤአይ ነው» የሚል ሌብል ይደረግበት ይላል፣ ዩቲዩብም ከመጋቢት 2024 ጀምሮ አሳውቁ ብሏል፣ አገራችንም የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አላት፣ ይቺ እንኳ በኛው አቆጣጠር ናት። ግን እኔን ያሳሰበኝ ሕጉ አይደለም። እናቴ ስኳር አለባት። አንድ ቀን ነጭ ጋውን የለበሰ፣ አማርኛው ትንሽ የተንሻፈፈ «ዶክተር» ስልኳ ላይ አሳየችኝ፣ የሆነ ዱቄት በ21 ቀን ስኳርን ያጠፋል እያለ። ኤአይ ጣት ላይ ይሳሳታልና ጣቱን ቁጠሪ አልኳት። አልቆጠረችም፣ «ምን ፊቱ እንዴት ደግ እንደሆነ አታይም?» ነው ያለችኝ። አንተ ማንም አይለየውም ስትል እኮ «ማንም» ያልካት እናቴን ነው። ሌብሉን ማድረግ ሁለት ሰከንድ ነው፣ አድርገው በቃ።

አሁን ልክ ያለበትን ደግሞ ልስጠው። ስልክ ሊቀርጸው ለማይችል ነገር ይሄ ቴክኖሎጂ ተአምር ነው፣ የልጆች ተረት ውስጥ ጅብና አህያ ሲከራከሩ ለማሳየት ድሮ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ነበር የሚያስፈልገው፣ አሁን ሁለት ምሽት ነው። ሐሳብህን ለደንበኛ ለማስረዳትም ይሆናል፣ እኔ ዛሬ ዛሬ ከመቅረጼ በፊት ሾቶቹን በኤአይ አስወጥቼ አሳያለሁ፣ ድሮ በእጄ ሳወዛውዝላቸው «እሺ እሺ» ይሉና ካለቀ በኋላ «እንዲህ አልነበረም የመሰለኝ» ይመጣ ነበር፣ እሱ ቀርቷል። ሾት በሾት ጻፉ ያለውም ትክክል ነው፣ እንደውም ከጽሑፉ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው፣ አንድ ሾት ላይ አንድ ድርጊት፣ ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን ያደርጋል፣ ካሜራው የት ቆሟል። እሱን የጻፈ ሰው እንዴት ተመልሶ ኮፒ አድርጉ እንዳለ ነው ያልገባኝ።

መጨረሻ ላይ ኤዲተሮች ሌላ ስራ ይፈልጉ ብሏል። እሺ፣ ግን በዚህ ሳምንት አልችልም፣ እትዬ አዲስ ስራ ሰጥተውኛል። ለእንቁጣጣሽ ይሁንልኝ ብለው ራሳቸው ናቸው ያሰቡት፣ ሱቅ ውስጥ ሆነው እየመዘኑ ነው የነገሩኝ፦ አንድ አውራ ዶሮ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ዘንቢል ይዞ ሱቃቸው ይገባል። «ግማሽ ኪሎ በርበሬ» ይላል። እሳቸው እየመዘኑ «ለምንድነው የምትፈልገው?» ይሉታል። ዶሮው ያስባል። ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ ካሌንደሩን ያያል። ከዚያ ዘንቢሉን ጥሎ ይሮጣል፣ እሳቸው ያስነጥሳቸዋል። አምስት ሾት፣ 28 ሰከንድ። ይሄን በስልክ ልቅረጽ ብል የትኛው ዶሮ ነው ጋቢ የሚደርብልኝ፣ ስለዚህ ሱቁን በፎቶ አንስቼ፣ የእትዬን ድምፅ ቀድቼ፣ ለዶሮው ኤአዩ ላይ ተቀምጫለሁ። እስካሁን 37 ጊዜ አስወጥቻለሁ፣ ጋቢው ጥሩ ነው፣ ዘንቢሉም መጥቷል፣ ካሌንደሩን ሲያይ ግን አይደነግጥም፣ ፈገግ ይላል። ትናንት ለእትዬ ላክኩላቸው። «ይሄም ዶሮ ወጥ አያውቅም» አሉኝ።